ውቅያኖሶችን የሚለያቸው ግድግዳ የለም፦ ለአንድ ብዙ ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዓለም ውቅያኖሶች ድንበር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ቴሌግራም ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ በድምፅ እየተነበበ ይቀርባል። አማርኛው ጥሩ ነው። ፎቶና የድሮ ካርታም ታክሎበታል። ባሕር በናፈቀው ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቶሎ ቢዳረስ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ውስጡ ካለው ነገር ብዙው ስሕተት መሆኑ ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሲልኩት ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ነጥቦች ሳላዛባ ላስቀምጥ። የአትላንቲክና የፓስፊክ ውኃ አይቀላቀልም፣ የሚገናኙበት መስመር በዓይን ይታያል፣ የውቅያኖስ ድንበር ማለትም ይኸው ተፈጥሮ ያሰመረችው መስመር ነው ይላሉ። አትላንቲክና ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ላይ እንደሚገናኙ ይጽፋሉ። ውቅያኖሶች በተፈጥሮ አምስት ናቸው፣ አራት ብለን የተማርነው ተታለን ነው ይላሉ። ቀጥለው ድንበሮቹን ያጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሆነ፣ ዓላማውም ኃያላኑ ባሕርን እንዲከፋፈሉ መሆኑን ያስረዳሉ። ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ በድሮ ካርታዎች ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ውቅያኖስ መሰረዙን ነው። የእኛ ነበር፣ ተወሰደብን ይላሉ። ጽሑፋቸውን የሚዘጉት አፋር ላይ የሚወለደው ስድስተኛው ውቅያኖስ የተወሰደብንን ይመልስልናል በማለት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ነጥቦች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ድንበሩን ተፈጥሮ በማይቀላቀል ውኃ ካሰመረችው፣ ኃያላን መንግሥታት እንዴት ሊያሰምሩት ይችላሉ? ኃያላኑ ካሰመሩት ደግሞ የተፈጥሮ ግድግዳ የሚባለው ነገር ይቀራል። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። እኔ ሁለቱም ትክክል አይደሉም ባይ ነኝ። ውቅያኖሶችን በአብዛኛው የሚለያያቸው የብስ ነው። የብስ ባለቀበት ቦታ ግን ድንበሩ ሰዎች ለሥራ እንዲመቻቸው ተስማምተው ያሰመሩት ነው።

አይቀላቀልም ስለሚባለው ውኃ

ከፎቶው እንጀምር። በአንድ በኩል ጥቁር ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል አመድማ አረንጓዴ ውኃ ይታያል። መሃላቸው አረፋ ያለበት መስመር አለ። ፎቶው የውሸት አይደለም። ችግሩ ከሥሩ የተጻፈው ነው።

ፎቶው የመጣው አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ኬን ብሩላንድ በ2007 ካደረጉት የምርምር ጉዞ ነው። (ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ።) ቦታው የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ነው። ተመራማሪዎቹ እዚያ የሄዱት ብረት ያለበት የወንዝ ደለል ወደ ጥልቁ ባሕር እንዴት እንደሚጓዝ ለማጥናት ነበር። አሁን ካርታ አውጡና የአላስካን ባሕረ ሰላጤ ፈልጉት። የሚገኘው በፓስፊክ ሰሜናዊ ማዕዘን ነው። ከአትላንቲክ የሚለየው ሰሜን አሜሪካ በሙሉ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ውኃ ፓስፊክ ነው።

ታዲያ ቀለሙ ለምን ተለያየ? የአላስካ የበረዶ ግግሮች ቀስ ብለው ሲንሸራተቱ ከሥራቸው ያለውን ድንጋይ ይፈጩታል። ከግግሩ ሥር የሚወጣው ወንዝ ያንን የላመ ደለል ይዞ ባሕር ይገባል። የወንዝ ውኃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ውኃ ይቀላል፤ ለጊዜው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ከዚያ ነፋስና አዙሪት እየገፉት ከባሕሩ ጋር ይዋሐዳል። መስመሩ ዛሬ በታየበት ቦታ ሌላ ቀን አይገኝም። ብሩላንድ ራሳቸው ተጠይቀው ውኃዎቹ ቆይተው እንደሚቀላቀሉ አስረድተዋል።

ይህን ለማየት አላስካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ካርቱም ላይ የእኛ አባይና ነጭ አባይ ሲገናኙ ሁለት ቀለም ሆነው ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ግብፅ የሚደርሰው ግን አንድ ወንዝ ነው። እኛ ዘንድም አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚል የቆየ አባባል አለ። ግልገል አባይ በክረምት ቡናማ ውኃ ይዞ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ደለሉ አብዛኛው እዚያው ጣና ውስጥ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው የመላው ሐይቅ ውኃ ነው።

ዋናው መልስ ያለው ግን ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ፣ ኬፕ ሆርን ዘንድ ነው። አትላንቲክና ፓስፊክ ተገናኝተው አይቀላቀሉም የሚባለው እዚያ ነው። ከኬፕ ሆርን እስከ አንታርክቲካ ያለው የድሬክ መተላለፊያ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በዚህ በር አንታርክቲካን የሚዞረው ታላቅ የውቅያኖስ ጅረት ያልፋል። አቅጣጫው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከፓስፊክ ወደ አትላንቲክ ማለት ነው። መጠኑ በሰከንድ 130 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። የዓለም ወንዞች ሁሉ ተደምረው በሰከንድ ወደ ባሕር የሚያስገቡት 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት። አባይ፣ አማዞን፣ ኮንጎ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ይባዙ በ100፤ ያን ያህል ውኃ ነው በየሰከንዱ ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው የሚሻገረው። የማይቀላቀል ውኃ የሚባለው ይህ ነው።

ከአፍሪካ በታችም ተመሳሳይ ነገር አለ። የአጉላስ ጅረት የሕንድ ውቅያኖስን ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ይዞ በአፍሪካ ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። የአህጉሩ ጫፍ ሲደርስ አብዛኛው ተጠምዝዞ ይመለሳል። ሲጠመዘዝ ግን ግዙፍ አዙሪቶች እየተቆረጡ ወደ አትላንቲክ ይገባሉ። በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚለኩ አዙሪቶች ናቸው። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚሆን ነገር ነው። የአትላንቲክ ጨዋማነት በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የስዊዝ ቦይ ነው። ቦዩ በ1869 ተከፈተ። ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ያለ ምንም መዝጊያ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ዝርያዎች ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግረዋል። ዛሬ የግሪክና የቆጵሮስ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሣ ይገባል። ባሕሮች የማይቀላቀሉ ቢሆኑ እነዚህ ዓሦች በምን መጡ?

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። የባሕር ውኃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ ጨዋማነት በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ሲሆን ቀይ ባሕር ወደ 40 ይደርሳል። ሙቀትና ጨው የተለያየ ውኃ ሲገናኝ ስለታም የሆነ ድንበር ሊፈጠር ይችላል፤ አንዳንዱም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ባብ ኤል መንደብ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ቀይ ባሕር የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለም። ፀሐዩ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውኃ ይተንበታል። ስለዚህ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀለል ያለ ውኃ በላይ ይገባል፤ ጨው የበዛበት ከባዱ ውኃ ደግሞ ከሥር ይወጣል። በክረምትና በበጋ ሥርዓቱ ይለዋወጣል እንጂ ልውውጡ አይቋረጥም። ውቅያኖስ በጥልቀቱ ሙሉ በሙሉ ዞሮ እስኪቀላቀል 1,000 ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ይቀላቀላል ቢሉ ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር። አይቀላቀልም ነው ያሉት።

ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ

ይህኛው አጭር ነው። ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ አይደለም። ደቡባዊው ጫፍ ኬፕ አጉላስ ነው፤ ከኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በይፋ የታወቀው የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ወሰንም የሚነሳው ከዚያው ከአጉላስ ነው። ስሕተቱን ጸሐፊው ብቻ የሚሠሩት አይደለም፤ ብዙ ቱሪስት ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ላይ ቆሞ ሁለት ውቅያኖስ አየሁ ብሎ ይመለሳል። በተጨማሪም ሞቃቱ የአጉላስ ጅረትና ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ ጅረት የሚገናኙበት ቦታ በሁለቱ ጫፎች መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ወጥተዋል ማለት አልችልም። ግን የሚዋልል ነገር የካርታ ድንበር ሊሆን አይችልም። ድንበሩ ቋሚ ነጥብ ፈለገ፤ አጉላስን አገኘ።

ድንበሩን ማን አሰመረው?

ጸሐፊው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው ይላሉ። አይደለም። ሥራውን የሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞናኮ የሆነው ዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1921 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ገና ሳይታሰብ። ሃይድሮግራፊ ማለት የባሕርን ጥልቀት፣ ዳርቻና አደጋ ለክቶ ለመርከበኞች ካርታ የማዘጋጀት ሙያ ነው። ድርጅቱ የውቅያኖሶችንና የባሕሮችን ወሰን የሚዘረዝር ሰነድ በ1928 አወጣ። በ1937 እና በ1953 አሻሽሎ አሳተመው። የ1953ቱ ዛሬም አልተሻረም።

በዚህ ሰነድ መሠረት አትላንቲክና ሕንድ ውቅያኖስ የሚለያዩት ከኬፕ አጉላስ በ20 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ቀጥ ብሎ እስከ አንታርክቲካ በሚወርድ መስመር ነው። ሕንድ ውቅያኖስና ፓስፊክ የሚለያዩት ከአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከ147 ዲግሪ ምሥራቅ ትንሽ አነስ ካለ ኬንትሮስ ላይ በሚወርድ መስመር ነው። ፓስፊክና አትላንቲክ የሚለያዩት ከኬፕ ሆርን፣ 67 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ምዕራብ ላይ ነው። ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሦስቱም የሚነሱት የብስ በደቡብ በኩል ከሚያልቅበት ጫፍ ነው። ከዚያ በላይ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ራሳቸው ድንበር ናቸው። ከዚያ በታች ግን ክፍት ውኃ ብቻ ስለሆነ ሰዎቹ ኬንትሮስን ተከትለው እስከ አንታርክቲካ አወረዱት። መስመሩ ላይ የሚያልፍ መርከብ ምንም አይታየውም። ውኃው ተመሳሳይ ነው፣ ሞገዱም ተመሳሳይ ነው።

ለእኛም የሚቀርብ አለ። ሰነዱ የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ወሰን ያሰመረው ጅቡቲ ካለው ራስ ሲያን ተነስቶ የመን ካለው ሑስን ሙራድ በሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያበቃው ደግሞ በሶማሊያው የጓርዳፉይ ጫፍ ኬንትሮስ፣ በ51 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሙምባይ የሚጓዝ መርከብ ያንን መስመር ሲያልፍ የዓረብ ባሕር ውስጥ ገባ ይባላል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ለመርከበኛው ነው። አንድ ቦታ መብራት ቤት ቢጠፋ፣ አዲስ የሰመጠ መርከብ ቢገኝ፣ አለት ቢታወቅ፣ ማስጠንቀቂያው በየትኛው የመመሪያ መጽሐፍ እንደሚገባ ሁሉም አገር አንድ ዓይነት ግንዛቤ ሊኖረው ይገባል። አንዱ አገር የአረብ ባሕር ሲል ሌላው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ቢል መርከብ ይጠፋል። ሰነዱ መግቢያው ላይ ወሰኖቹ ምንም ፖለቲካዊ ትርጉም እንደሌላቸው በግልጽ ይናገራል።

የባሕር ባለቤትነት የሚወሰነው በሌላ ሕግ ነው። በ1982 የተፈረመው፣ በ1994 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ነው የሚገዛው። የባሕር ዳርቻ ያለው አገር እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ ሉዓላዊ ነው፤ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ደግሞ በሀብቱ የመጠቀም መብት አለው። የሚለካው ከዳርቻው ነው። ውኃው አትላንቲክ ይባል ሕንድ፣ ለሕጉ ለውጥ የለውም። ጸሐፊው ኃያላን በባሕር ላይ ይሻኮታሉ ማለታቸው እውነት ነው፤ የሚሻኮቱበት ሰነድ ግን ይህኛው ነው። ሁለቱን ሰነዶች አንድ ማድረጋቸው ነው ያሳሳታቸው።

ፖለቲካ ወደ ሞናኮው ሰነድ ፈጽሞ አልገባም ልል አልፈልግም። ገብቷል፤ በስም በኩል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በመካከላቸው ያለው ባሕር የጃፓን ባሕር ይባል ወይስ ምሥራቅ ባሕር በሚለው አልተስማሙም። በዚህ ምክንያት በ2002 የተዘጋጀው አራተኛው እትም ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2020 አባል አገሮቹ ሌላ መንገድ መረጡ፦ ለኮምፒውተር የሚሆን አዲስ ሰነድ ይዘጋጅ፣ ባሕሮችም በስም ፋንታ በቁጥር ይለዩ አሉ። ኃያላን እንደፈለጉ የሚጽፉበት ሰነድ ቢሆን ኖሮ በአንድ ባሕር ስም ምክንያት ያን ያህል ዓመት አይቆምም ነበር።

አምስት ናቸው ወይስ አራት?

አራት ብሎ የተማረ ተታሏል የሚለው ነገር በጣም አላስደሰተኝም። መምህሮቻችን አላታለሉንም። ቁጥሩ የሚወሰነው በአቆጣጠሩ ነው።

የ1928ቱ የሞናኮ ሰነድ ደቡባዊ ውቅያኖስ የሚባል ነበረው። እንዲያውም ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከአውስትራሊያ ጫፎች ይጀምር ነበር። በ1937 ወደ ደቡብ ገፉት። በ1953 አወጡት። ያወጡበትን ምክንያትም ጽፈዋል፤ ሰሜናዊ ወሰኑ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው አሉ። ስለዚህ አትላንቲክን፣ ሕንድንና ፓስፊክን እስከ አንታርክቲካ አስረዘሟቸው። ስለዚያ አካባቢ ለብቻው መጽሐፍ የሚያሳትም አገር ግን የራሱን ወሰን ይምረጥ ብለው ተዉት። ብሪታንያ በዚያን ጊዜ 55 ዲግሪ ደቡብን ትጠቀም ነበር። በአንጻሩ ያው የ1953 ሰነድ አትላንቲክንም ፓስፊክንም በምድር ወገብ ላይ ለሁለት ከፍሎ ሰሜንና ደቡብ እያለ ለየብቻ ይዘረዝራል። በዚያ ብንቆጥር ስድስት ይሆናሉ። አምስትም አራትም አይደሉም።

በ2000 ድርጅቱ አባላቱን ጠየቀ። መልስ ከሰጡት አብዛኞቹ ደቡባዊው ውቅያኖስ ይመለስ አሉ። ከየት ይጀምር በሚለው ግን ሐሳባቸው ተከፋፈለ፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው 60 ዲግሪ ደቡብ ነው። ይህም ገብቶ የነበረው እንግዲህ ያው በጃፓንና በኮሪያ ክርክር የቆመው ረቂቅ ውስጥ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በበኩሉ ሰኔ 8 ቀን 2021 ደቡባዊውን ውቅያኖስ በካርታዎቹ ላይ አምስተኛ አድርጎ እንደሚያወጣ አሳወቀ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ደቡባዊው ውቅያኖስ የሚጀምረው ከአገሪቱ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ነው ይባላል።

እዚህ ጋ ተፈጥሮ ምንም አትልም ማለቴ አይደለም። ይህ ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ቀዝቃዛው ውኃ ከሰሜን ከሚመጣው ሞቅ ያለ ውኃ ሥር የሚሰምጥበት ቀለበት አለ። ቀለበቱን ሲያልፉ የውኃው ሙቀት በአጭር ርቀት ይወርዳል፤ የሚገኙት የባሕር ፍጥረታትም ይለወጣሉ። የሳይንስ ሰዎች ደቡባዊው ውቅያኖስ ራሱን የቻለ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ቀለበቱ አንድ ቦታ አይቆምም። አንዳንድ ቦታ 48 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌላ ቦታ 60ን ያልፋል።

ፒያሳን አስቡ። ፒያሳ የሚባል ሰፈር መኖሩን የሚጠራጠር የአዲስ አበባ ሰው የለም። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን አሥር ሰው ብትጠይቁ አሥር መልስ ታገኛላችሁ። ወረዳው ግን መታወቂያ ለማውጣት ቁርጥ ያለ ወሰን ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ይመርጥና እዚህ ላይ ይላል። ቀለበቱ ሰፈሩ ነው፤ 60 ዲግሪ ደግሞ የወረዳው መስመር።

ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ የሚያሳይ ጥሩ ሥራ አለ። በ1980 የተፈረመው የአንታርክቲካ የባሕር ሕያዋን ሀብት ጥበቃ ስምምነት የሚዋዥቀውን ቀለበት ሊከተል ፈለገ፤ ዓሣውና ክሪል የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት የሚኖሩት እሱን ተከትለው ስለሆነ። ሕግ ግን የሚዋዥቅ ወሰን አይወድም። ስለዚህ ቀለበቱን ተጠግቶ የሚሄድ፣ እንደ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ መስመር አሰመሩ። አንድ ቦታ 45 ዲግሪ፣ ሌላ ቦታ 50፣ ሌላ ቦታ 55፣ ሌላ ቦታ 60። በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት ግን ከ60 በታች ብሎ በአንድ መስመር ጨረሰው። ዓላማቸው ስለተለያየ መስመራቸው ተለያየ። ማንም ማንንም አላታለለም።

የኢትዮጵያ ውቅያኖስ

አሁን ብዙ ሰው ስሜቱ ወደተነካበት ነጥብ መጣን። ጸሐፊው ያያያዙት ካርታ እውነተኛ ነው። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ የአውሮፓ ካርታዎች ዛሬ ደቡብ አትላንቲክ የምንለውን ውኃ የኢትዮጵያ ውቅያኖስ ወይም የኢትዮጵያ ባሕር ብለው ጽፈዋል። ስሙ ከካርታ የጠፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ብዙዎቻችን ያልሰማነውን ነገር ስላሰሙን አመሰግናቸዋለሁ።

የእኛ ነበር የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ያው ካርታ ላይ ዓይናችሁን ወደ የብሱ መልሱ። ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በታች ያለውን አብዛኛውን አፍሪካ ሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ግሪኮች ጥቁር ሕዝብ የሚኖርበትን የደቡብ አገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ ካርታ ሠሪዎቹም ይህንኑ ወረሱ። የነገሥታቱን አገር፣ ያንን በጎንደርና በሸዋ የነበረውን መንግሥት ግን ብዙዎቹ አቢሲኒያ ብለው ለብቻው ይጽፉታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ውቅያኖስ ማለት በእነሱ አነጋገር የጥቁር አፍሪካ ውቅያኖስ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ካሜሩን የባሕር ዳርቻ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ወደብ የነበረው፣ መርከብ ያሰማራ የኢትዮጵያ ንጉሥ የለም።

ስም ባለቤትነት አያመጣም። ሕንድ ውቅያኖስ የሕንድ አይደለም፤ የኬንያም፣ የኢንዶኔዥያም፣ የማዳጋስካርም ዳርቻ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በመሥሪያ ቤቶቻቸው የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ ተብሎ እንዲጠራ አዘዙ። ሜክሲኮ ከውኃዋ አንድ ሊትር አላጣችም። የኢትዮጵያ ውቅያኖስ ስም ሲቀርም እኛ ያጣነው ውኃ የለም።

ይህን የምለው የባሕር በር ጥያቄን ለማጣጣል አይደለም። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ወደብ የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመተላለፍ መብት በባሕር ሕጉ ስምምነት ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ታሪክ ለሚፈልግም አክሱምና አዱሊስ አሉ። ቀይ ባሕር ላይ ነግደናል፣ መርከብ አሰማርተናል፣ ባሕሩን ተሻግረን የመን ደርሰናል። ይህ ሁሉ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እያለን ካሜሩን ደጃፍ ላይ ያለ ውኃ የእኛ ነበር ስንል የሚሰማን ሰው እውነተኛውንም ይጠራጠራል። እኔን ያስቆጨኝ ይህ ነው።

አፋር

ጸሐፊው እዚህም ከእውነት ነው የተነሱት። አፋር ላይ መሬት እየተሰነጠቀ ነው። በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ሰፋ። የጂኦሎጂ ሰዎች የውቅያኖስ አወላለድ በየብስ ላይ የሚታይበት ቦታ ነው የሚሉት በምክንያት ነው። ግን ሂደቱ የሚለካው በሚሊዮን ዓመታት ነው። ለልጆቻችን ወደብ ይሆናል ብሎ ተስፋ መስጠት ልክ አይደለም።

ባሕሩ እዚያ ሲመጣም የመጀመሪያው አይሆንም። ዳሎል አካባቢ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ ከዚህ በፊት ገብቶበት ያውቃል፤ ከ120,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዛጎልና የኮራል ቅሪት በዙሪያው ይገኛል። ኋላ በስተሰሜን በኩል መንገዱ ተዘጋ፤ ውኃው ተንኖ ጨው ቀረ። ከዚያ እየተቆረጠ በግመል ወደ ትግራይ ሲወጣ የኖረው አሞሌ ጨው የዚያ ባሕር ጨው ነው። ያን ጊዜ ውኃው ሌላ ውቅያኖስ አልነበረም፤ የቀይ ባሕር አንድ ክንድ ነበር። ወደፊት የሚገባውም የሚመጣው ከዚያው ከቀይ ባሕር ወይም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። የቀይ ባሕር ቅጥያ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ባሕር የሚለውን የሚወስኑት በዚያን ጊዜ የሚኖሩና መርከብ የሚነዱበት ሰዎች ይሆናሉ። እነሱም እንደ ሞናኮዎቹ አንድ ጫፍ መርጠው፣ መስመር አስምረው፣ ስሙ ላይ ይከራከራሉ።